አዲስ የከርነል ሜሞሪ አሎኬተር ለግምገማ ሲመጣ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት በሲ ስጽፍ የኖርኩት ከከርነል (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውጭ ያለ ፕሮግራም ነው። አሁን የገባሁበት መሥሪያ ቤት ሊኑክስ የተጫነባቸው የኔትወርክ መሣሪያዎች ይሠራል። አንድ ነባር ባልደረባዬ ለድራይቨራችን የራሱን የሜሞሪ ፑል ጽፎ ‹ገምግሚልኝ› ብሎ ላከልኝ፤ ወደ አንድ ሺህ መስመር ይጠጋል። እያንዳንዱ ሲፒዩ የራሱ ትንሽ ክምችት አለው፤ ሲያልቅበት ከጋራው ክምችት በጅምላ ይሞላል፤ የጋራውም ካለቀ ከከርነሉ ይጠየቃል። ቴስቱን ሁሉ አልፏል፣ ፈጣንም ነው ይላል። ዝም ብዬ ማጽደቅ አልፈለግኩም፤ ግን ምን መፈለግ እንዳለብኝም አላውቅም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

ከመልቀቂያው ጀምሪ። ፋይሉን ስትከፍቺ ዓይንሽ የሚያርፈው ሜሞሪ በሚሰጠው ፋንክሽን ላይ ነው፤ ባልደረባሽም አብዝቶ የተጠበበው እዚያው ላይ ይሆናል። ለጊዜው እለፊውና ሜሞሪ የሚመለስበትን ፋንክሽን አንብቢ። የዕድር ዕቃ ሲወጣ ብዙም ስህተት የለም፤ ወሳጁ ፊት ለፊት ቆሞ ቆጥሮ ይረከባል። ጣጣው ሲመለስ ነው፤ የአንዱ ድስት ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ ያልተመለሰው ተመልሷል ይባላል፣ ጉድለቱ የሚታወቀውም በሚቀጥለው ድግስ ነው። ሲመደብ የተሠራ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይፈነዳል። ሲለቀቅ የተሠራው ግን ሰዓታት ቆይቶ፣ ምንም በማያውቅ በሌላ ሰው ኮድ ውስጥ ይወጣል፤ የክራሹ ሪፖርት ላይ የሚሰፍረውም የዚያ ምስኪን ፋንክሽን ስም ነው።

ስለዚህ ሺሁን መስመር ስታነቢ አንድ ጥያቄ ከእጅሽ አይውጣ፦ በዚህች ቅጽበት የዚህ ኦብጀክት (ፑሉ የሚያድለው አንድ የሜሞሪ ቁራጭ) ባለቤት ማን ነው? ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ወደ መስመሮቹ ከመግባትሽ በፊት ግን ብዙ ገምጋሚ የሚዘለው ጉዳይ አለ፤ ፑሉ ለምን አስፈለገ? ሊኑክስ ውስጥ ትናንሽ ኦብጀክት የሚያድል አሎኬተር ሦስት ዓይነት ነበረ፦ «ስላብ»፣ «ስሎብ» እና «ስለብ»። የ«ስላብ»ና የ«ስለብ» ሐሳብ መነሻ ጄፍ ቦንዊክ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰን ማይክሮሲስተምስ ለሶላሪስ የነደፈው አሎኬተር ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን መጠገን ሸክም ሆነና «ስሎብ» በ2023 ከከርነል ስሪት 6.4 ላይ ወጣ፤ «ስላብ» በ2024 ከ6.8 ላይ ተሰናበተ። የቀረው «ስለብ» ብቻ ነው። ሦስቱን ወደ አንድ ለማውረድ ያን ያህል የተደከመበት ከርነል ውስጥ፣ አንድ ድራይቨር አራተኛ ይዞ ሲመጣ ማስረጃ የማቅረብ ዕዳው የድራይቨሩ ነው።

በዚያ ላይ ባልደረባሽ የሠራውን ነገር አስተውዪው። የሲፒዩ ክምችት፣ ከጋራ ክምችት በጅምላ መሙላት፣ ሲያልቅ ወደ ታች መጠየቅ። ይህ «ስለብ» ራሱ ከ2007 ጀምሮ ሲሠራው የኖረ ነው። እንግዲህ «ፈጣን ነው» ሲል ከምን አንጻር? ለኦብጀክቱ በከርነሉ መንገድ የራሱን ካሽ (ለአንድ ዓይነት ኦብጀክት ብቻ የተለየ የ«ስለብ» ክምችት) ፈጥሮ አወዳድሯል? ሲለካስ የማረሚያ አማራጮቹ ከከርነሉ ጠፍተው ነበር? የማረሚያ ምልክቶች በርተው ሳለ ከ«ስለብ» ጋር የሚደረግ ውድድር አንዱን ሯጭ እግሩን አስሮ ማሮጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ሰው አውቆ አያደርገውም፣ የተሰጠውን ኮንፊግ ሳያይ ይለካና ነው።

የራስ ፑል የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። ሜሞሪ በተሟጠጠበት ሰዓት እንኳ ሥራው መቀጠል ካለበት፣ ለምሳሌ ሜሞሪ ለማስለቀቅ ራሱ ዲስክ ላይ መጻፍ ሲያስፈልግ፣ ለዚያ «ሜምፑል» የሚባለው አለ። ለኔትወርክ ድራይቨር ደግሞ ከ4.18 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ «ፔጅ ፑል» አለ፤ ፔጆቹን (ከርነሉ ሜሞሪን የሚከፋፍልባቸውን ትልልቅ ቁራጮች) ከነዲኤምኤ ማፒንጋቸው፣ ማለትም ካርዱ ያለ ሲፒዩ እገዛ በቀጥታ እንዲጽፍባቸው ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር፣ እያዞረ ይጠቀማል። የእናንተ መሣሪያ ፓኬት ተቀባይ ከሆነ፣ ግምቴ ከሺው መስመር አብዛኛው በ«ፔጅ ፑል» ይተካል የሚል ነው። ባልደረባሽ አይቶት ከሆነ ለምን እንዳልበቃው በፓቹ (ለግምገማ በላከው የኮድ ለውጥ) መግለጫ ላይ ይጻፍ። ካላየውም ጥያቄሽ የብዙ ቀን ሥራ ያድነዋል።

አሁን ወደ መልቀቂያው ፋንክሽን። እንዲህ ያለ ኮድ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ያለሁበት ሲፒዩ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፣ የዚያን ሲፒዩ ክምችት ያገኛል፣ ኦብጀክቱን ከዝርዝሩ ራስ ላይ ይሰካል፣ ቆጣሪውን በአንድ ይጨምራል። አራት መስመር ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ከቀጣዩ የሚለየው ክፍተት ላይ ጣትሽን አድርገሽ «እዚህ ጋ ብቋረጥስ?» እያልሽ ውረጂ።

ሲፒዩውን ከጠየቀ በኋላ ሼዱለሩ (ለሥራዎች ሲፒዩ የሚያከፋፍለው የከርነል ክፍል) ሥራውን ወደ ሌላ ሲፒዩ ቢያዛውረው፣ የሦስተኛውን ሲፒዩ ክምችት ከሰባተኛው ላይ ሆኖ ይነካካል። በዚያው ሰዓት ባለቤቱም እየነካካው ነው። ስለዚህ ፕሪኤምሽን (ሼዱለሩ ሥራን መሃል ላይ ማቋረጡ) መዘጋት አለበት። እሺ ተዘጋ። ፕሪኤምሽን መዝጋት ግን ኢንተራፕትን (መሣሪያው ሲፒዩውን አቋርጦ የሚጠራበትን ምልክት) አይዘጋም፤ የኔትወርክ ድራይቨር ደግሞ ግማሽ ሕይወቱን የሚኖረው ኢንተራፕት ውስጥ ነው። ኦብጀክቱን ሊሰካ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ፓኬት ቢደርስና የኢንተራፕቱ ኮድ ያንኑ ፋንክሽን ቢጠራስ? ኢንተራፕቱን መዝጋት ይህን ይመልሳል፤ ነገር ግን የሪል ታይም አማራጩ (ምላሽ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመጣ የሚያደርገው) ከ6.12 ጀምሮ በዋናው ከርነል ውስጥ ስለገባ፣ ኢንተራፕት ዘግቶ ተራ ስፒንሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ እየዞረ የሚጠብቀው ሎክ) መያዝ እዚያ ላይ አይሠራም፤ በሪል ታይም ከርነል ስፒንሎኩ እንቅልፍ ሊወስደው ይችላላ። ለዚህ ተብሎ በ2020 በ5.8 ላይ «ሎካል ሎክ» መጣ። መሣሪያችሁ ሪል ታይም ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን የሲፒዩ ክምችት ጥበቃው በ«ሎካል ሎክ» ቢጻፍ ኮዱ ራሱ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይናገራል፣ የሎክ መርማሪውም ሊያየው ይችላል።

ባልደረባሽ «ሎክ ያዘገያል» ብሎ ያለ ሎክ፣ በኮምፔር ኤክስቼንጅ («ያየሁት ዋጋ ካልተለወጠ በአዲሱ ተካው» በሚል አንድ የሲፒዩ ትእዛዝ) ብቻ የሠራው ከሆነ ደግሞ ወንበርሽን ጠጋ አድርጊና ይህን በወረቀት ሥሪው። በዝርዝሩ ላይ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» በተርታ አሉ። መዳቢው የዝርዝሩን ራስ ያነባል፤ «ሀ» ነው። ከ«ሀ» ውስጥ ተከታዩን ያነባል፤ «ለ» ነው። አሁን «ራሱ አሁንም ‹ሀ› ከሆነ በ‹ለ› ተካው» የሚለውን ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል ኢንተራፕት ገባ። የኢንተራፕቱ ኮድ «ሀ»ን ወሰደ፣ «ለ»ንም ወሰደ፤ በ«ሀ» ተጠቅሞ መለሰው፣ «ለ»ን ግን ይዞ ቀረ። ዝርዝሩ አሁን «ሀ»፣ «ሐ» ሆኗል። መዳቢው ካቆመበት ሲቀጥል ራሱን ያያል፤ «ሀ» ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ትእዛዙ ይሳካል፤ የዝርዝሩ ራስ «ለ» ይሆናል። «ለ» ግን ሰው እጅ ላይ ነው። ቀጣዩ ጠያቂ «ለ»ን ይወስዳል፤ አንድ ኦብጀክት ሁለት ባለቤት አገኘ፤ «ሐ» ደግሞ የትም የለም።

«ስለብ» ይህን ለዓመታት የተከላከለው ከዝርዝሩ ራስ አጠገብ አንድ ቁጥር በማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ምደባና ልቀት ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ ኮምፔር ኤክስቼንጁ ሁለቱን አንድ ላይ ያወዳድራል። ራሱ ተመልሶ «ሀ» ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ስለተቀየረ ትእዛዙ ይከሽፍና እንደገና ይሞከራል። ቁጥሩ በየሲፒዩው ስለሚለይ ወደ ሌላ ሲፒዩ መዛወርንም በዚያው ያጋልጣል። በባልደረባሽ ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ፈልጊ። ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻው) ብቻ ከሆነ የሚወዳደረው ፓቹን መልሺ፤ ስንት ሚሊዮን ጊዜ ቴስቱን እንዳለፈ አትስሚ። ክፍተቱ ጥቂት ናኖሴኮንድ ስለሆነ ቴስት ላይ አይታይም፤ ደንበኛ ጋ ከሄዱ ሺህ መሣሪያዎች በአንዱ ላይ ግን ይታያል።

የዝርዝሩ ተከታይ ፖይንተር የት ተቀመጠ? እንደ ብዙዎቹ አሎኬተሮች በተለቀቀው ኦብጀክት ሆድ ውስጥ ከሆነ፣ ከለቀቀ በኋላ የሚጽፍ ማንኛውም ኮድ የዝርዝሩን አቅጣጫ ያዛባል። ለአጥቂ ይህ ወርቅ ነው፤ ፖይንተሩን ወደፈለገበት ካዞረ ቀጣዩ ምደባ እሱ የፈለገውን የከርነል አድራሻ «አዲስ ሜሞሪ» ብሎ ያስረክበዋል። «ስለብ» በ2017 በ4.14 ላይ ያንን ፖይንተር ከምስጢር ቁጥርና ከራሱ አድራሻ ጋር ቀላቅሎ የማስቀመጥ አማራጭ አገኘ፤ በ2020 በ5.7 ላይ ደግሞ ፖይንተሩ ከኦብጀክቱ ጫፍ ወደ መሃል ተዛወረ፣ ከጎረቤት ጥቂት ባይት ቢፈስ በቀላሉ እንዳይነካው። ማጠናከሪያው ከበራ አንዱን ኦብጀክት በተከታታይ ሁለቴ ብትለቂው እዚያው ይጮኻል። የግል ፑል ሲሠራ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀራል። የ«ስለብ»ን ፍጥነት የሚበልጥ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው እነዚህን ስለጣለ ነው፤ ይህን በግምገማሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

በተለምዶ ከሚረሱት ባለቤቶች አንዱ መሣሪያው ራሱ ነው። ድራይቨሩ ባፈሩን ለኔትወርክ ካርዱ ሰጥቶ፣ ካርዱ ገና በዲኤምኤ እየጻፈበት ሳለ ወደ ፑሉ ቢመልሰው፣ ካርዱ የሌላ ሰው ኦብጀክት ላይ ይጽፋል። ይህን «ካሳን» የሚባለው የከርነሉ የሜሞሪ ስህተት አዳኝ እንኳ አያይልሽም፤ እሱ የሚከታተለው ሲፒዩው የሚያስኬደውን ኮድ እንጂ የካርድን ጽሑፍ አይደለም። አይኦኤምኤምዩ (መሣሪያዎች የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችሉ የሚቆጣጠረው ሃርድዌር) በጥብቅ ሁኔታ በርቶ ማፒንጉ ቀድሞ ከተፈታ ግን ጥፋቱ ይያዛል። ስለዚህ መልቀቂያው የሚጠራባቸውን ቦታዎች በሙሉ ዘርዝሪና በእያንዳንዱ ላይ ማፒንጉ መቼ እንደተፈታ እይ፤ በተለይ መሣሪያው ሪሴት የሚደረግበትን መንገድ። የሪሴት መንገድ ላይ የሚገኘውን ያህል ስህተት የትም አይገኝም።

ከመልቀቂያው ሳንወጣ፣ መዝጊያውንም እዪ። አንድ ሲፒዩ ከሥራ ሲወጣ የእሱ ክምችት ውስጥ የቀሩት ኦብጀክቶች ወዴት ይሄዳሉ? ሞጁሉ ሲወርድስ? ኦብጀክቶቹ በአርሲዩ (አንባቢዎች ያለ ሎክ የሚያነቡበት፣ ልቀቱ እነሱ እስኪጨርሱ የሚቆይበት የከርነል ዘዴ) በኩል ዘግይተው የሚለቀቁ ከሆነ፣ ካሹን ከማፍረስ በፊት ያልደረሱት ጥሪዎች ሁሉ እስኪያልቁ «አርሲዩ ባሪየር» ሊጠራ ይገባል፤ አለበለዚያ ፈርሶ ባለቀ ካሽ ላይ ልቀት ይመጣል። አርሲዩ ካለ ሌላም ነገር ጠይቂ። ኦብጀክቱ በአርሲዩ ንባብ መሃል ተለቅቆ ወዲያው ለሌላ ሥራ ሊሰጥ የሚችል ከሆነ፣ አንባቢው ሪፈረንሱን ከያዘ በኋላ «የፈለግኩት እሱ ራሱ ነው?» ብሎ መታወቂያውን ዳግም ማረጋገጥ አለበት። ሪፈረንስ ከመያዙ በፊት የተደረገ ማረጋገጫ እንዳልተደረገ ነው።

ወደ ምደባው ስትመጪ መጠኑ የሚሰላበትን መስመር ፈልጊ። እዚህ ላይ በአደባባይ የታወቀ አንድ ጥፋት ላሳይሽ፤ ቁጥሩ ሲቪኢ-2022-0185 ነው። ፋይል ሲስተም ሲጫን የሚሰጡ አማራጮችን የሚሰበስበው «ሌጋሲ ፓርስ ፓራም» የተባለ ፋንክሽን 4096 ባይት ይመድብና አማራጮቹን በኮማ እየለየ ይደረድራቸዋል። ከመጻፉ በፊት ቦታ መኖሩን ይጠይቃል፤ የአዲሱ አማራጭ ርዝመት ከ«4096 ሲቀነስ 2 ሲቀነስ እስካሁን የተጻፈው» ከበለጠ እምቢ ይላል። ስታነቢው ልክ ይመስላል፤ በብዙ ዓይን ሥር አልፏልም። እስካሁን የተጻፈው 4095 ሲሆን ግን ስሌቱ ከዜሮ አንድ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ደግሞ ምልክት የሌለው ስለሆነ ከዜሮ በታች አያውቅም፤ ተጠቅልሎ በ64 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ርዝመት ያልፋል፤ ጽሑፉ ከፔጁ ወጥቶ ጎረቤት ኦብጀክት ላይ ይፈሳል። ኮዱ በ2019 በ5.1 ገብቶ እስከ ጥር 2022 ድረስ ቆየ፤ ከኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌላው ሲስተም ከሚለየው አጥር) ለማምለጥ እንደሚያገለግል በተግባር ታይቷል። ጥገናው አንድ መስመር ነው፦ መቀነሱን ትቶ መደመር። የተጻፈው ሲደመር ርዝመቱ ሲደመር 2 ከ4096 ከበለጠ እምቢ በል።

ከዚህ የምትወስጂው ልማድ ቀላል ነው፤ ምልክት በሌለው ቁጥር ላይ የተደረገ የመቀነስ ወሰን ፍተሻ ባየሽ ቁጥር ቁሚና የመጨረሻውን ጠርዝ በእጅሽ አስቢ። ማባዛት ላይም ያው ነው። ብዛት በመጠን ተባዝቶ በቀጥታ ለ«ኬማሎክ» (ሜሞሪ ለሚመድበው የከርነል ፋንክሽን) ከተሰጠ፣ ብዛቱ ከውጭ የሚመጣ ባይሆንም እንኳ፣ በ«ኬማሎክ አሬይ» ወይም በ«ኬካሎክ» ይተካ በዪ፤ ራስና ተከታይ አሬይ ላለው ስትራክት ከ2018 ጀምሮ «ስትራክት ሳይዝ» አለ። እዚህ ላይ ክርክር ቢነሳ አትቀበዪ። ዛሬ ከውጭ የማይመጣው ቁጥር የዛሬ ዓመት በሌላ ሰው ፓች ከውጭ ይመጣል።

ከተጠቃሚ ኮድ ለመጣ ሰው እንግዳ የሚሆን ነገርም አለ። ዜሮ ባይት ብትጠይቂ «ኬማሎክ» ነል አይመልስም፤ 16 የሚል ዋጋ ያለው ልዩ ፖይንተር ይመልሳል። መልቀቅ ይቻላል፣ ከነኩት ግን ከርነሉ ይጮኻል። ስለዚህ «ነል ካልሆነ ሜሞሪ አለኝ» የሚለው ፍተሻ በዜሮ ላይ ያታልላል። በተቃራኒው ነልን ለ«ኬፍሪ» (ለመልቀቂያው ፋንክሽን) መስጠት ምንም ችግር የለውም፤ «ነል መሆኑን ቀድመህ ፈትሽ» የሚል አስተያየት አትጻፊ፣ አዲስ ገምጋሚ መሆንሽን ያስታውቃል።

የኦብጀክቱን መጠንም ከ«ኬማሎክ» ልኮች ጋር አስተያዪው። «ኬማሎክ» የሚያድለው በተወሰኑ ልኮች ነው፤ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256 እያለ እስከ 8192 በእጥፍ ይሄዳል። 4096 ባይት ባፈር ላይ ለራሱ ማስታወሻ 16 ባይት የጨመረ ፑል፣ ለእያንዳንዱ ባፈር 8192 እየወሰደ ግማሹን ይጥላል። ፕሮክ ውስጥ ያለውን የስላብ መረጃ ፋይል ፑሉ ሲሠራ ክፈቺው፤ እንዲህ ያለው ብክነት እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኦብጀክቱ ሲሰጥ ንጹሕ ነው ወይ? ከ2019 ወዲህ ከርነሉ ሜሞሪን ሲመድብ በዜሮ እንዲሞላ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው ፑሉ ከከርነሉ ሲቀበል አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በፑሉ ውስጥ የሚዞረው ኦብጀክት የቀድሞ ባለቤቱን ዳታ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ከዚህ ላይ ጥቂት ሜዳ (የስትራክቱ አንዳንድ ክፍል) ተሞልቶ ወደ ተጠቃሚው ቦታ፣ ማለትም ከከርነል ውጭ ወዳለ ፕሮግራም፣ ከተቀዳ፣ ያልተሞላው ሜዳና በሜዳዎቹ መሃል ኮምፓይለሩ የተወው ክፍት ባይት አብሮ ይወጣል።

የጂኤፍፒ ምልክቶቹን፣ ከርነሉ ሜሞሪውን እንዴት እንዲያመጣ የሚነግሩትን፣ ለብቻ አንድ ዙር አንብቢያቸው። «ጂኤፍፒ ከርነል» ሊተኛ ይችላል፤ ስፒንሎክ ይዞ ወይም ኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ መጥራት ክልክል ነው። «ጂኤፍፒ አቶሚክ» አይተኛም፤ ግን ለክፉ ቀን ከተቀመጠው ይቀዳል፣ በቀላሉም ይከሽፋል። «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ በየቦታው «አቶሚክ» የተጻፈበት ፓች ካየሽ፣ ጸሐፊው ኮዱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚጠራ አላወቀም ማለት ነው። ባልደረባሽን ጠይቂው፤ «ይህ ፋንክሽን ከየት ከየት ይጠራል? ኢንተራፕት ውስጥ ነው ወይስ ተራ ሥራ?»

የጋራው ክምችት የሚሞላበት ቦታ ደግሞ ከፓቹ ሁሉ ክፉው ሳይሆን አይቀርም። ሎክ ይያዛል፣ ክምችቱ ባዶ መሆኑ ይታያል፣ ከከርነሉ ይጠየቃል። ሎኩ እንደተያዘ «ጂኤፍፒ ከርነል» ከተጠራና ሜሞሪ ከሌለ፣ ከርነሉ ሜሞሪ ለማሰባሰብ ይሄዳል፤ በመንገዱም እያንዳንዱን ሽሪንከር «ትርፍ ካለህ መልስ» ይላል። ፑሉ ራሱ ሽሪንከር ካስመዘገበና ሽሪንከሩ ያንኑ ሎክ ከፈለገ፣ ራሱን ይጠብቃል፤ ለዘላለም። መፍትሔው ሎኩን ለቅቆ፣ መድቦ፣ ሎኩን እንደገና መያዝ ነው። አሁን እዚህ ጋ ዓይንሽን ክፈቺ፤ ሎኩ እንደገና ከተያዘ በኋላ ሁኔታው ዳግም ተፈትሿል? በመሃል ሌላ ሲፒዩ ክምችቱን ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ፑሉ እየተዘጋም ሊሆን ይችላል። ሎክ መልቀቁን ሁሉም ያስታውሳል፣ ዳግም መፈተሹን ግን አይደለም።

በጅምላ ሲሞላ የከሸፈ እንደሆነስ? 32 ፈልጎ 11 ብቻ ቢያገኝ ቆጣሪው ስንት ይላል? እንዲህ ያለ መንገድ በተግባር አይሮጥም፤ ምክንያቱም እስከ ስምንት ተከታታይ ፔጅ፣ ማለትም 32 ኪሎባይት ድረስ በ«ጂኤፍፒ ከርነል» የሚጠየቅ ሜሞሪ በተለመደው ሁኔታ ከቶ አይከሽፍም ማለት ይቻላል፤ ከርነሉ ሌላ ፕሮሰስ ገድሎም ቢሆን ያመጣዋል። ስለዚህ የስህተት መንገዱ ከተጻፈ ጀምሮ አንድም ቀን ያልተሞከረ ኮድ ነው። ከርነሉ ውስጥ ሆን ብሎ ምደባን የሚያከሽፍ መሣሪያ አለ፣ «ፌይልስላብ» ይባላል፤ እሱ በርቶ ቴስቱ ይሩጥ። «ቴስቱን አልፏል» የሚለው ቃል ያኔ አንድ ነገር ይነግርሻል። ልብ በዪ፤ «ኬሪያሎክ» (የተመደበን ሜሞሪ መጠን የሚለውጠው ፋንክሽን) ላይ ውጤቱ ወደዚያው ፖይንተር ከተመለሰ፣ ሲከሽፍ አሮጌው አድራሻ በነል ይደመሰሳል፣ ሜሞሪውም ፈሰሰ። ይህ ስህተት ከተጠቃሚው ኮድም የምታውቂው ነው።

መሣሪያዎችን በተመለከተ፣ ካሳን ከ2015 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ የጥላ ባይት ይዞ የተለቀቀ ቦታ ሲነካ ይጮኻል። ኬፌንስ በ2021 በ5.12 መጣ፤ እሱ ከምደባዎች ጥቂቱን ብቻ መርጦ በመጠበቂያ ፔጆች መሃል ስለሚያስቀምጥ ቀላል ነው፣ ደንበኛ ጋ በሄደ ከርነል ላይም ይበራል። ሁለቱም ግን ፑሉን አያዩትም! ለካሳን፣ ወደ ፑሉ የተመለሰ ኦብጀክት ለከርነሉ እስካልተመለሰ ድረስ በሕይወት ያለ ነው። ከለቀቀ በኋላ ቢነካ ዝም ይላል። የከርነሉ «ሜምፑል» ለዚህ ሲል ወደ ክምችት የገባውን ኦብጀክት ለካሳን ራሱ «ተመርዟል» ብሎ ያስታውቃል፣ ሲሰጥም ያነሳዋል። ባልደረባሽ ይህን ካላደረገ፣ «በካሳን ሮጦ ንጹሕ ወጣ» ያለው ቃል ስለ ፑሉ ምንም አይልም። በሁሉም አስተያየቶችሽ ውስጥ ይህን ከላይ ብታደርጊው እመክርሻለሁ፤ ጥቂት መስመር ያስጨምረዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀሩትን ስህተቶች ግማሹን ማሽኑ ያገኝልሻል።

በነገራችን ላይ ክራሽ ሪፖርት ላይ አድራሻው «6ቢ6ቢ6ቢ» እያለ ሲደጋገም ካየሽ አትደናገጪ፤ የ«ስለብ» ማረሚያ በተለቀቀ ኦብጀክት ላይ የሚሞላው ባይት ነው። አንድ ሰው የለቀቀውን ፖይንተር እያነበበ ነው ማለት ነው። «5ኤ» ከሆነ ደግሞ ተመድቦ ገና ያልተሞላ ነው።

ለባልደረባሽ የምትልኪው የመጀመሪያ መልስ ረጅም መሆን የለበትም፤ ነባር ሰው ነው ብለሽም አትፍሪ። ሠላሳ ጥቃቅን አስተያየት ከላክሽለት ስለ ቅንፍና ስለ ስም ሲከራከር ዋናው ይቀራል። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍለታለሁ፦ «ኮዱን አነበብኩት። ከመቀጠሌ በፊት ሦስት ነገር ብትጨምርልኝ። አንደኛ፣ ከፋይሉ ራስ ላይ ኦብጀክቱ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች፣ በሲፒዩ ክምችት፣ በጋራ ክምችት፣ በድራይቨሩ እጅ፣ በካርዱ እጅ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚያዘውን ሎክ ጨምረህ በኮሜንት ጻፍልኝ። ሁለተኛ፣ ከ‹ፔጅ ፑል› ጋር የተወዳደረበትን ልኬት ከነኮንፊጉ። ሦስተኛ፣ የካሳንን ማስታወቂያ ከመልቀቂያውና ከመስጫው ላይ።» የመጀመሪያውን ለመጻፍ ሲቀመጥ አንዱ ሽግግር ላይ የትኛው ሎክ እንደሚያዝ ራሱ ይጠፋዋል። ያን መስመር ያኔ ሁለታችሁም አንድ ላይ ክፈቱት፤ ፓቹንም ከፋፍሎ፣ የምደባና የልቀቱን ለብቻ፣ የሽሪንከሩን ለብቻ፣ የሲፒዩ መውጫ መግቢያውን ለብቻ አድርጎ እንዲልክልሽ ጠይቂው።